ያውቁ ኖሯል? ወለሉ ማጣሪያ የሆነው ፕሌት
(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ያውቁ ኖሯል? ባለ 96 ጉድጓዱ የላቦራቶሪ ፕሌት የሃንጋሪ ልጅ ነው። ዶክተር ጁላ ታካቺ በ1951 ለኢንፍሉዌንዛ ምርመራ ብለው በረድፍ የተደረደሩ ጉድጓዶችን በፕላስቲክ ላይ ቦረቦሩ። ዛሬ ርዝመቱ 127.76፣ ወርዱ 85.48 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጸድቋል። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ቤይ ኤሪያ፣ ሄይዋርድ ያለ ሮቦትም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ የሚያነሳው ፕሌት ልኩ አንድ ነው።

ከእነዚህ ፕሌቶች መካከል አንዳንዶቹ ወለላቸው ከብርጭቆ ቃጫ የተሠራ ማጣሪያ ነው። ከሥር በቫኪዩም ሲሳብ ፈሳሹ ይወርዳል፣ የተፈለገው ነገር ላይ ይቀራል። ካንዳስ ፐርት እና ሰሎሞን ስናይደር በ1973 የኦፒየም ተቀባዮች (መድኃኒቱ የሚጣበቅባቸው የሴል ፕሮቲኖች) አንጎል ውስጥ መኖራቸውን ያረጋገጡት በብርጭቆ ቃጫ ማጣሪያ ነው፤ ያኔ ግን ፕሌት ሳይሆን ነጠላ ማጣሪያ ነበር።

ችግሩ፣ ብርጭቆ አሉታዊ ሙል አለው፤ ከሴል ሽፋናቸው ተላቀው የሟሙ ተቀባዮች ደግሞ ሾልከው ያልፋሉ። ተመራማሪው ብሩንስና ባልደረቦቹ በ1983 መላውን አሳዩ፦ ማጣሪያውን አዎንታዊ ሙል ባለው ፖሊኢትሊንኢሚን መንከር። ያን ጊዜ ተቀባዩ ይያዛል። እጥበቱ በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ፣ በሰከንዶች ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዘገየ የተጣበቀው መድኃኒት ይላቀቃል። ከጉድጓዱ ሥር የተንጠለጠለችው ጠብታም ወደ ጎረቤቷ እንዳትሻገር በወረቀት ትመጠጣለች። ይህችን ጠብታ የናቀ ውጤቱን ባያምን ይሻላል!

በዚሁ ማጣሪያ ሴል መሰብሰብስ? ነጭ የደም ሴሎች ሲባዙ ዲኤንኤያቸውን የሚሠሩበት ታይሚዲን ያስፈልጋቸዋል። ታይሚዲኑ ጨረር በሚያወጣው ትሪቲየም ምልክት ይደረግበታል። ኋላ ሴሎቹ በውሃ ይፈነዳሉ፤ ዲኤንኤው ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ ያልተጠቀሙበት ታይሚዲን ታጥቦ ይሄዳል። በቀረው ጨረር መጠን ስንት እንደተባዙ ይታወቃል።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ የነጭ ደም ሴሎች ጥናት የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ አህሪ፣ በ1970 ሲመሠረት የሥጋ ደዌን ምስጢር ለመፍታት ነበር። ቢያርነ ሚርቫንግ፣ ቱረ ጉዳልና ባልደረቦቻቸው በ1973 ባወጡት ጥናት የሕሙማንን ሊምፎሳይቶች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ከደዌው ባክቴሪያ ጋር አገናኙ። ቀለል ያለው ዓይነት የያዛቸው ሰዎች ሊምፎሳይቶች ሲነቃቁ፣ ባክቴሪያው ሰውነታቸውን የሞላው ሕሙማን ሊምፎሳይቶች ግን ዝም አሉ። አንዱ ባክቴሪያ ለምን ከሰው ሰው የተለያየ ሕመም እንደሚያስከትል ለማስረዳት የረዳው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ለዓለም የወጣ ዕውቀት ነውና፣ ቤይ ኤሪያ ላብ ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ሊኮሩበት ይገባል።

ሄይዋርድም የራሷ የብርጭቆ ታሪክ አላት። በዚህችው ከተማ የነበረው ሊንክስ ቴራፒዩቲክስ የተባለ ኩባንያ በ2005 ከእንግሊዙ ሶሌክሳ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ መሣሪያቸው የሚያነበው ሽፋን በተቀባ ብርጭቆ ላይ የተተከለ ዲኤንኤ ነበር። በ2007 ኢሉሚና የተባለው ኩባንያ ገዛቸው።