የማይለቅ የጀርባ ሕመምና የአከርካሪ አጥንት ቲቢ

ቲቢ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ሳልና አክታ ነው። ይሁንና በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉን በሽታው የሚይዛቸው ከሳንባ ውጭ ነው። ከእነዚህ በርካቶቹ በአንገት ንፍፊት ላይ ስለሚታዩ በቀላሉ ይጠረጠራሉ። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የገለጸው የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ግን በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም፣ ዘግይቶ ከታወቀ ሕመምተኛውን ለሽባነት ይዳርጋል።

አመጣጡ

ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ በደም ተጉዞ በታችኛው የደረትና በላይኛው የወገብ አከርካሪ አጥንቶች የፊት ክፍል ላይ ያርፋል። አጥንቱ እየተበላ ሲሄድ ወደ ፊት ይደረመሳል፤ በጀርባም ላይ ጉብታ ይወጣል። የተጠራቀመው መግልና የተሰበረው አጥንት ሕብለ ሠረሠርን ሲጫኑ እግሮች ይዝላሉ፣ ይደነዝዛሉ፤ ሽንትን መቆጣጠርም ያዳግታል።

ምልክቶቹ

ዋነኛው ምልክት ለሳምንታት ወይም ለወራት የዘለቀ፣ በዕረፍት የማይሻል የጀርባ ሕመም ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ላይኖሩ ይችላሉ። አክታው ከባክቴሪያ ነጻ መሆኑ ወይም የደረት ራጅ ጤናማ መምሰሉም በሽታው የለም አያሰኝም። በዚህ የተነሳ ሕመምተኛው ማስታገሻ እየተሰጠው ይመላለሳል፤ አልያም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። ስለዚህ ልብስ አስወልቆ ጀርባን ማየት፣ አከርካሪውን አንድ በአንድ መዳሰስና የእግሮችን ጥንካሬ መፈተን ያስፈልጋል። ሙቀትና መቅላት የሌለው የብሽሽት እብጠት ከአከርካሪ የወረደ መግል ሊሆን ስለሚችል፣ በችኮላ መቅደድ አይገባም።

ምርመራና ሕክምና

የአከርካሪ ራጅ በመጀመሪያው ደረጃ ጉዳቱን ላያሳይ ይችላል፤ ኤም.አር.አይ. ቀደም ብሎ ያሳያል። በመርፌ የተወሰደ ናሙና በጂን ኤክስፐርት፣ በካልቸርና በፓቶሎጂ ይመረመራል። ጥሬ ወተት በሚጠጣባቸው አካባቢዎች ብሩሴሎሲስም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም አይዘለልም። መድኃኒት ላልተላመደ ቲቢ በአገር አቀፉ መመሪያ መሠረት ሕክምናው 12 ወር ይወስዳል፦ 2 ወር በአራት መድኃኒቶች፣ 10 ወር በሪፋምፒሲንና በአይሶናያዚድ።

እግሩ መዛል የጀመረ ሕመምተኛ ግን ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም፤ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት። ከመዛሉ በፊት በጥርጣሬ የተላከው ደግሞ በእግሩ ሄዶ በእግሩ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።