ከጅጅጋ ሳይነሡ ላሊበላን ማየት

ጅጅጋ ላይ ከወንበርዎ ሳይነሡ በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ማየት ይቻላል ብንልዎ ያምኑናልን?

ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉት መነጽር ለሁለቱ ዓይኖች በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ሥዕሎች ያቀርባል፤ አእምሮ አንድ ሲያደርጋቸው ሥዕሉ ጥልቀት ያገኛል። ይህንስ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. ገልጦታል። የዛሬው ጥበብ፣ ራስዎን ሲያዞሩ ሥዕሉም አብሮ መዞሩ ነው። ዋጋው ያስፈራ ይሆን? ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው መነጽር ከካርቶንና ከሁለት ሌንሶች የተሠራ ሲሆን፣ ስልክ ይገባበታል፤ ካርቶኑን ማንም ተማሪ በመቀስ ይቆርጠዋል።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ቡድን በሌዘር ለክቶ ቅርጻቸውን በኮምፒዩተር አስቀምጧል። እንዲህ ያለው ሥራ ለመነጽሩ ሲሰናዳ፣ ተማሪው በድንጋዩ ግድግዳ ዙሪያ እንደ ልቡ ይመላለሳል።

ዳሩ ግን የጅጅጋ ልጅ የሌላውን አገር ተመልካች ብቻ ሆኖ ለምን ይቀራል? የካራማራን ተራራና የግመሉን ገበያ ከእርሱ የተሻለ ማን ያሳያል? ስልኩን ይዞ ባለበት እየዞረ ዙሪያውን ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ታሪኩንም በሶማልኛ ቢተርክበት፣ የላሊበላው ተማሪ በተራው በግመሎች መካከል ይቆማል። የሚንቀሳቀስ ግመል ግን በሥዕሉ ላይ አንገቱ ተቆርጦ ሊወጣ ስለሚችል፣ እስኪንበረከክ ታግሦ ማንሣት ነው።