ከቤተ መንግሥቱ ጎን የነበረው ካቴድራል

በ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ካርቱምን የጎበኘ ሰው ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ካለው ሙዚየም ሲገባ ግራ ሳይጋባ አይቀርም ነበር። ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶቹና ከፍ ያለው ጣሪያው የጸሎት ቤት ነበሩ፤ ከሥሩ የተደረደሩት ግን የሱዳን መሪዎች የተገለገሉባቸው ዕቃዎች ነበሩ።

ሕንጻው የእንግሊዙ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሁሉም ቅዱሳን ካቴድራል ነበር። የመሠረት ድንጋዩ በ1904 እ.ኤ.አ. ተጣለ፤ በጥር 1912 ደግሞ የለንደን ጳጳስ ባረኩት። ቀኑ የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን በካርቱም የተገደለበት 27ኛ ዓመት ነበር። በ1899 ከተማዋ የገቡት ሉዌሊን ግዊን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ የቅኝ ገዥዎች እንግዳ ሆኖ ይታይ ነበር።

በ1971 መንግሥት ካቴድራሉን ወረሰው። ምእመናኑ ግን አልተበተኑም። አማራት በሚባለው ሰፈር አዲስ ካቴድራል ሠሩ።

የአንግሊካን ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ጳጳስ፣ ቄስና ዲያቆን አለ፤ መዝሙረ ዳዊት ይነበባል፤ ሰው ተንበርክኮ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ኅብስቱና ወይኑ ተባርኮ ይቀርባል። ጸሎቱ ከአንድ መጽሐፍ ስለሚነበብ ምእመኑ ሲለምደው በቃሉ ይዞ ይመልሳል። ካርቱም ውስጥ እሁድ የሥራ ቀን ስለሆነ ግን ብዙ ጉባኤዎች አርብ ወይም እሁድ ማታ ይሰበሰቡ ነበር።

የእንግሊዙ ሥርዓት ካርቱም ሲደርስ መልኩን ቀየረ። በሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡብ ሱዳንና ከኑባ ተራሮች የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማዋ ዳርቻ በጭቃና በሰሌን የጸሎት ቤቶች አቆሙ። ጸሎቱ በአረብኛ ብቻ ሳይሆን በዲንካና በኑባ ቋንቋዎችም ሆነ። ከበሮው ሲመታ ሴቶች የእንጨት መስቀል ይዘው በሰልፍ ይገቡ ነበር፤ ያልተማሩ እናቶች የራሳቸውን መዝሙር ይደርሱ ነበር። የእናቶች ማኅበር የታመመ ይጠይቅ፣ ለቅሶ ይደርስ፣ ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። የእኛን ዕድርና የጽዋ ማኅበር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ስትወጣ ከምእመናኑ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩት ተስፋ አልቆረጡም። በሐምሌ 2017 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ካርቱም ድረስ መጥተው የሱዳንን ቤተ ክርስቲያን ራሷን የቻለች 39ኛ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አድርገው አወጁ፤ ኢዝቅኤል ኮንዶም የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ውጊያው ፈነዳ። ታጣቂዎች የካቴድራሉን ግቢ ያዙ፤ ሊቀ ጳጳሱም ከተማዋን ለቀው ፖርት ሱዳን ገቡ። በ1971 መንግሥት ወስዶባት የነበረች ቤተ ክርስቲያን ለሁለተኛ ጊዜ ካቴድራሏን አጣች።

ይህ ታሪክ ለእኛም ቅርብ ነው። ከሱዳን ጦርነቶች የሸሹ ሰዎች ጋምቤላ ሲገቡ እምነታቸውን ይዘው ነው፤ ዛሬ በክልሉ በርካታ የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በኑዌርና በአኙዋ ይጸለይባቸዋል። ጋምቤላ የሄደ አንባቢ ጎራ ብሎ ይጠይቃቸው።