አሮጌ ኮምፒውተር ‘ፋይሉ ከወደፊት የመጣ ነው’ ሲል ምን ማለቱ ነው?

በጅቡቲ ከተማ አንድ ነጋዴ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆየ የ1990ዎቹ ኮምፒውተር አውጥቶ አስነሳ እንበል። ማሽኑ ይሠራል። ያኔ የተጻፈው የደረሰኝ ማተሚያ ፕሮግራምም ከነምንጭ ኮዱ በዲስኩ ላይ ይገኛል። የዋጋ ስሌቱን አርሞ ፕሮግራሙን በኮምፓይለር እንደገና ለመገንባት ሲሞክር ግን ማስጠንቀቂያ ይመጣል፦ ፋይሉ የተቀየረበት ጊዜ ገና አልደረሰም፤ የሰዓት መዛባት አለ፤ ግንባታው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል።

በኮዱ ላይ ስህተት የለም። የተዛባው የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው ቸል ከተባለ የታረመው ስሌት ወደ ፕሮግራሙ ሳይገባ ሊቀር፣ ደረሰኙም በአሮጌው ዋጋ መታተሙን ሊቀጥል ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ከየት ይመጣል?

ይህን መልእክት የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ኮምፓይለሩ ራሱ ሳይሆን እርሱን የሚጠራው ‘ሜክ’ የተሰኘ መሣሪያ ነው። ሜክ እአአ በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ በስቱዋርት ፌልድማን የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬም በልዩ ልዩ ዓይነቶቹ አገልግሎት ላይ ይገኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የምንጭ ፋይሉን ቀን ከእርሱ ከተገነባው ፋይል ቀን ጋር ያነጻጽራል። ምንጩ አዲስ ከሆነ እንደገና ይገነባል፤ የተገነባው ፋይል አዲስ ከሆነ ግን ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ ያልፈዋል።

የነጋዴው ኮምፒውተር ሰዓት ወደ 1980 ተመልሶ ከሆነ፣ ዛሬ የታረመው ምንጭ የ1980 ቀን ይይዛል። ቀድሞ የተገነባው ፋይል ደግሞ የ1990ዎቹን ቀን እንደያዘ ነው። ስለዚህ ሜክ እርማቱን እንደ አሮጌ ነገር ቆጥሮ ይተወዋል። የዚህ ብቸኛ ምልክት ማስጠንቀቂያው ነው።

ሰዓቱ ለምን ይዛባል?

ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስኬደው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ሰዓቱም ይጠፋል። በዶስ የሚሠሩ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይመለሳሉ፤ የዶስ የፋይል ሥርዓት ዓመትን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

በበርካታ አሮጌ ማሽኖች ላይ የተበየደው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሌላም ጣጣ አለው። ሲያረጅ የሚያፈሰው ኬሚካል ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች ይበላል። ሙቀት የባትሪን እርጅና ያፋጥናል፤ እርጥበትና የባሕር ጨው ደግሞ ዝገትን ያባብሳሉ። የክረምት ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፈው ወደብ ከተማ ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ልዩነቱ መንስኤውን ይናገራል

ሰዓቱን ከማስተካከል በፊት ምን ያህል እንደተዛባ መመልከት ይጠቅማል።

ልዩነቱ አሥርት ዓመታት ከሆነ፣ ቀኑም ወደ 1980 ከተመለሰ፣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ባትሪው ነው።

7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ፣ ቀኑን የሞላው ሰው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

6 ሰዓት ከሆነ ሁለት መንስኤዎች ይኖራሉ። አንደኛው ‘ከጠዋቱ 3 ሰዓት’ን 3፡00 ብሎ መሙላት ነው፤ ማሽኑ ይህን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛው ‘ቲዜድ’ በሚባለው የሰዓት ቀጠና ቅንብር ውስጥ ምልክትን ማገላበጥ ነው። ጅቡቲ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ብትቀድምም፣ በዚህ ቅንብር የሚጻፈው የመቀነስ ምልክት ያለው 3 ነው።

3 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ሥርዓት የማሽኑን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት እያነበበው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የምንጭ ኮዱን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ቀጥሎ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ባትሪውን መመርመር ነው። ካፈሰሰ ይነሳል፤ ቦታውም በጥቂት ኮምጣጤ ተጠርጎ በሚገባ ይደርቃል። በምትኩ ኃይል የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ የሚገባ ከሆነ ማዘርቦርዱ እንዳይሞላው በዳዮድ መከላከል የግድ ነው፤ አለዚያ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይስተካከላሉ። ማሽኑን አጥፍቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መልሶ መክፈት ባትሪው ሰዓቱን መያዙን ያረጋግጣል።

ሰዓቱን ማስተካከል ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ፋይሎቹ የተሳሳተውን ቀን እንደያዙ ናቸውና። በኮምፓይለሩ የተፈጠሩትን ፋይሎች በሙሉ ሰርዞ፣ ምንጮቹን ብቻ አስቀርቶ፣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መገንባት ያስፈልጋል። በመጨረሻም አንድ ደረሰኝ አትሞ አዲሱ ዋጋ መውጣቱን ማየት ነው።