ኮብልስቶን ለማንጠፍ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

እንደ ብቸናና ሞጣ ያሉ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገዳቸውን የሚያነጥፉት በምን ገንዘብ ነው? በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ የሚሰበስበው ክፍያ በዋናነት የታሰበው ለጥገና ነበር። ለአዲስ ንጣፍ የሚቀሩት በሮች ሦስት ናቸው፦ የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ (ሊዝ፣ ኪራይ)፣ የመንግሥትና የለጋሾች ድጋፍ፣ የነዋሪው መዋጮ። ኮብልስቶን ደግሞ ድንጋዩ ከአካባቢው ይወጣል፤ ጠርቦ የሚያነጥፈውም የሰፈሩ ወጣት ስለሆነ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

መዋጮው ግን እምነት ይፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. የሁለቱ አውራጃዎች ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብለው የተነሡት፣ ብሩ ብቻ ሳይሆን ርስታችን ይነካል የሚለው ሥጋትም ስላለ ነው። መንግሥት ጦር ቢልክም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን አነሣ። በእኔ እምነት የተዋጣው ብርና የተነጠፈው ሜትር በየወሩ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ሕዝቡ ለማዋጣት አያንገራግርም።