ዶራሌ፦ ከግንቡ ኋላ ያለው ወደብ

50,000 ቶን ማዳበሪያ የጫነች መርከብ ጅቡቲ ደረሰች እንበል። በ50 ኪሎ ጆንያ ሲሞላ አንድ ሚሊዮን ጆንያ ነው። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ከጫነ፣ ያቺን አንዲት መርከብ ለማራገፍ 1,250 መኪና ወደቡ ገብቶ መውጣት አለበት። ማዳበሪያ ደግሞ እንደ ሴራሚክ ወይም እንደ ቆርቆሮ ዛሬ ካልሆነ ነገ ይደርሳል የሚባል ዕቃ አይደለም። ጎጃምና አርሲ ላይ ዘር ከተዘራ በኋላ ቢደርስ መጋዘን ማሞቂያ ነው። ወደብ ተስፋፋ ሲባል ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ባሕሩ፣ ወደ መርከቡና ሰማይ ወደሚነካው ክሬን ነው። ጅቡቲ ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት የሠራችውን ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ከባዱ ሥራ ያለው በየብሱ ወገን፣ በበሩና በመንገዱ ላይ ነው።

ወደቡ ከጥንትም የቆመው በኢትዮጵያ ጭነት ነው። ፈረንሳዮች መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ባዛወሩበት ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ኋላ ላይ አሰብ እየገነነ ሲሄድ ጅቡቲ ሁለተኛ ሆነች። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ግን የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው።

አሮጌው ወደብ ይህን ሁሉ ሊሸከም አልቻለም። ከፊቱ ባሕር፣ ከኋላው ከተማ ነው፤ መስፋፊያ መሬት የለውም። ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ 12 ሜትር ገደማ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወደቡ አስተዳደር ለዱባይ የወደብ ድርጅት ሲሰጥ የተያዘው ሐሳብ ቀስ በቀስ ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደሚገኘው ዶራሌ መውጣት ነበር። መጀመሪያ የሄደው የነዳጅ ተርሚናሉ ነው። ከዚያ የኮንቴይነሩ ተከተለ።

ጥልቀት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ሚያዝያ 1948 ዓ.ም. ከአሜሪካ ኒውዋርክ ወደ ሂውስተን የሄደችው የመጀመሪያዋ የታወቀች የኮንቴይነር መርከብ የጫነችው 58 ሣጥን ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ግዙፎች ባለ 20 ጫማውን ኮንቴይነር ከ24,000 በላይ ይጭናሉ። ርዝመታቸው 400 ሜትር፣ ወርዳቸው 61 ሜትር ይደርሳል፤ ሲሞሉ ከውኃው በታች የሚውለው አካላቸው ብቻ 16 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ መርከብ 12 ሜትር ውኃ ውስጥ አይገባም። ሌላ ጥልቅ ወደብ ላይ ያራግፍና ዕቃው በትንሽ መርከብ ተጭኖ እንደገና ይመጣል። ሁለት ጊዜ ማውረድ፣ ሁለት ጊዜ መጫን፣ ሁለት ጊዜ ክፍያ ነው። ልዩነቱን መጨረሻ ላይ የሚከፍለው መርካቶ የሚገዛው ሰው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የተመረቀው የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል 1,050 ሜትር የመርከብ መቆሚያ ግንብና 18 ሜትር ጥልቀት ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ግንብ ሲሠራ የባሕሩ ወለል በቁፋሮ መርከብ ይጠረጋል፤ ግንቡ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ባሕር በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ኮንቴይነር የሚደረደርበት ግቢ ይሆናል። ግቢው ቶኖች የሚመዝኑ ሣጥኖችን በአራት በአምስት ፎቅ ደርቦ ስለሚሸከም አፈሩ እስኪጠቀጠቅና እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። በችኮላ የተሠራ ግቢ ውሎ አድሮ ይሰምጣል።

ግንቡ ላይ የቆሙት ክሬኖች ሱፐር ፖስት ፓናማክስ የሚባሉት ናቸው። የድሮው የፓናማ ቦይ የሚያሳልፈው መርከብ ወርዱ 32 ሜትር ገደማ ነበር፤ 13 ኮንቴይነር ጎን ለጎን መደርደር ማለት ነው። እነዚህ ክሬኖች ከዚያ አልፎ ከ20 በላይ ረድፍ ድረስ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ኦፕሬተሩ የሚቀመጠው ከመሬት አርባ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ወለሏ መስታወት በሆነች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ በእግሮቹ መካከል ወደ ታች ያያል። ስፕሬደር የሚሉት የብረት መያዣ ወርዶ በሣጥኑ አራት ማዕዘኖች ላይ ይገጥማል፤ መቆለፊያዎቹ ይዞራሉ፤ መብራት ሲበራለት ያነሳል። ነፋስ ካለ ሣጥኑ ይወዛወዛል፤ ልምድ ያለው ሰው መወዛወዙን በእጁ ተከትሎ ያበርደዋል። ጥሩ ኦፕሬተር በሰዓት ከ25 እስከ 30 ሣጥን ያነሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ክሬኑ ያወረደውን የሚቀበል ጎታች መኪና ከሥሩ ከሌለ፣ ያ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተገዛ ክሬን ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይጠብቃል።

ለዚህ ከ2008 ዓ.ም. የተሻለ ምሳሌ የለም። በኤልኒኞ ምክንያት ዝናብ ቀርቶ ኢትዮጵያ በብዙ መቶ ሺህ ቶን የሚቆጠር ስንዴ ከውጭ ስታስገባ፣ የማዳበሪያው ወቅት ደግሞ አብሮ መጣ። ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ደጅ ላይ ተሰለፉ። የብትን ጭነት አወራረድ ከኮንቴይነር የተለየ ነው። ክሬኑ በባለ መንጋጋ ባልዲ ከመርከቧ ሆድ እያፈሰ ሆፐር የሚባለው ማፍሰሻ ውስጥ ይጨምራል፤ ከሥር ጆንያ ይሞላል፤ ይሰፋል፤ ወዛደር ተሸክሞ መኪና ላይ ይደረድራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሞቃቱ ወቅት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ነው። መኪና ሲጠፋ ሆፐሩ ይሞላል፤ ባልዲው ይቆማል፤ መርከቧ በቀን የምትቆጥረው ዶላር ግን አይቆምም። ነገሩ በጣም ሲከር አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ገና ሳይመረቅ በናፍታ ሞተር እየተጎተተ ስንዴ እንዲያጓጉዝ ተደረገ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ግንቦት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ። ቻይናዎች የገነቡት ሲሆን ወጪው 590 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሏል። ብትን ጭነት፣ ብረታ ብረት፣ እየተነዳ የሚወርድ ተሽከርካሪና ኮንቴይነር እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ሐዲዱ እስከ ወደቡ መግባቱ ነው። ከጎኑ የቻይና የጦር ሰፈር መኖሩ ብዙ ተጽፎበታል፤ ለአስመጪው ግን የሚበልጥበት ሐዲዱ ነው። በዚያው ዓመት ታጁራና ጉቤት ላይ ሁለት ትናንሽ ወደቦች ተከፈቱ፤ አንዱ ለፖታሽ፣ ሌላው ለጨው የታሰቡ።

752 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይኸው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ለንግድ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። በአንድ ጉዞ መቶ ያህል ኮንቴይነር ይዞ ይሄዳል፤ ብዙ መኪና ከመንገድ ላይ ያነሳል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ጭነት አሁንም በመኪና ነው የሚመጣው። የኃይል መቆራረጥና የመስመር ዕቃ ስርቆት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውና የሚብሰው፣ ባቡር የሚያደርሰው ጣቢያ ድረስ መሆኑ ነው። ከጣቢያ እስከ መጋዘን እንደገና መኪና፣ እንደገና ጫኝና አውራጅ፣ እንደገና ክፍያ። ስለዚህ ነጋዴው ከጅቡቲ በር እስከ መጋዘኑ በር የሚመጣለትን ሾፌር ይመርጣል። ሾፌሩ ደግሞ ፒኬ 12 በሚባለው የጅቡቲ ዳርቻ ሰፈር ተራ ሲጠብቅ ጥላው መኪናው ነው፤ ከሥሯ አንጥፎ ይተኛል፤ ተራው ሲደርስ ይጭንና በጋላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይነዳል።

ሞጆ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ወደቡ ከአዲስ አበባ በ70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ባሕር ባይኖረውም የዶራሌ የኋላ ግቢ እርሱ ነው። በመልቲሞዳል አሠራር ዕቃው ከውጭ ወደብ ጀምሮ በአንድ የጭነት ሰነድ ይመጣና ጉምሩክ የሚጨርሰው ሞጆ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ለብዙ ቀን መተኛት አይኖርበትም። አሠራሩ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ሞጆ ሲጨናነቅ ዶራሌም ይጨናነቃል። አስመጪው ሰነዱ ሳያልቅለት ወይም ቀረጥ የሚከፍልበት ገንዘብ ሲያጥረው ዕቃውን ደረቅ ወደብ ላይ ያቆየዋል፤ ግቢው መጋዘን ይሆናል። ሣጥኑ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በጊዜው ካልተመለሰ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ ይቆጠራል፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ደግሞም ወደ ውጭ የምንልከው ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ወደ አገር ከምናስገባው ጋር አይመጣጠንም። ብዙው ኮንቴይነር ባዶውን ይመለሳል፤ ባዶ ሣጥን ለመመለስም የመኪና ኪራይ ይከፈላል።

የባለቤትነቱን ክርክር አሳጥሬ ልለፈው። የካቲት 2010 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት የኮንቴይነር ተርሚናሉን ያስተዳድር ከነበረው ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ ነጥቆ በእጁ አስገባ። ኩባንያው ለንደን ላይ በግልግል ዳኝነት ከአንድ ጊዜ በላይ ቢፈረድለትም ጅቡቲ አልመለሰችም። ዲፒ ወርልድ በበኩሉ በሶማሌላንዱ የበርበራ ወደብ ላይ አተኩሮ ሰኔ 2013 ዓ.ም. 400 ሜትር ግንብ ያለው ተርሚናል አስመረቀ። ለኢትዮጵያ አማራጭ መኖሩ ደግ ነገር ነው፤ ዋጋ ለመደራደር ያግዛል። በርበራም ቢሆን ግን ግንቡ ከመንገዱ ቀድሞ አለቀ። ከድንበር ወዲህ ያለው መንገድ፣ የጉምሩክ ጣቢያው፣ የመኪናው ቁጥር አብሮ ካላደገ እዚያም የሚሆነው ያው ነው።

ጅቡቲ ለእነዚህ ግንባታዎች ብዙ ተበድራለች፤ ብድሩን የምትከፍለው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ጭነት በምታገኘው ገቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ዶራሌ ላይ ክሬን ሥራ ይፈታል። ስለዚህ የበሩ ጉዳይ የሁለቱም አገር ጉዳይ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየወቀሰ የሚፈታው አይደለም።

ወደፊት አዲስ ወደብ ወይም አዲስ ማስፋፊያ ሲመረቅ የግንቡ ርዝመትና የባሕሩ ጥልቀት በዜና በደንብ ይነገራችኋል። እናንተ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ በቀን ስንት መኪና በበሩ ይወጣል? አንድ ኮንቴይነርስ ከመርከብ ከወረደ በስንት ቀኑ ሞጆ ይደርሳል?