በኮልፌ ግቢዎች ለንብ ስለሚተከሉ የእንዳሁላና የሴዱም ዐይነቶች

ንብ ማር በመስጠቷ ትመሰገናለች እንጂ እህል እንዲያፈራ በማድረጓ የሚያመሰግናት ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የኑግን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይዝም፤ ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ከሌላ እግር ኑግ ዱቄቱን ተሸክሞ ካላመጣለት፣ ማሳው ሁሉ ቢጫ ለብሶ ሳለ ፍሬው ገለባ ይሆናል። የባቄላም ምርት ንብ በሚበዛበት ስፍራ ይሻላል። ስለዚህ የንብ ረሀብ የዘይትና የወጥ ጉዳይ ነውና የወረዳ ሹም ሁሉ ሊያስብበት ይገባዋል።

በደጋው አገር ከመስከረም ጀምሮ አደይ አበባና ኑግ ሲያብቡ ንብ ትጠግባለች። በጋው ሲበረታ ግን ሜዳው ይደርቃል፤ ምግብ ያጣውም መንጋ ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል። ባለ ቀፎው ግን ብዙ ጊዜ መንጋው የሄደው በሰው ዐይን ነው ይላል።

ኮልፌ በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። አጠና ተራ የሚባለው ስፍራው የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጥበት ሆኖ ታውቋል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ አገራችን የገባ ሲሆን አበባው ለንብ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ለአጠና የሚፈለገው ዛፍ ገና ቀጭን ሳለ ስለሚቈረጥ ብዙ ጊዜ ለማበብ ሳይደርስ ይወድቃል። ግቢውም ከዓመት ወደ ዓመት በስሚንቶ እየተለበጠ ስለ ሄደ፣ ለንብ የሚተከለው አትክልት ጥቂት አፈርና ጥቂት ውሃ የሚበቃው እንዲሆን ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው የእንዳሁላ ወገን ነው። እንዳሁላን የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅጠሉን በእሳት አሙቆ በእባጭ ላይ ያደርገዋል። በፈረንጅ አገር ሴዱም የሚባለው አትክልትም የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። ሁለቱም በወፍራም ቅጠላቸው ውሃ ያጠራቅማሉ። ብዙዎቹም የቅጠላቸውን ቀዳዳ በቀን ዘግተው በሌሊት ስለሚከፍቱ የቀን ፀሐይ ውሃቸውን አይመጥባቸውም። በአበባቸው ግን ይለያያሉ፤ የሴዱም አበባ እንደ ኮከብ የተከፈተ ስለ ሆነ አጭር ምላስ ያላት ንብ እንኳ ወለላውን በቀላሉ ታገኘዋለች፤ የእንዳሁላ ግን እንደ ጠባብ ቧንቧ ስለ ሆነ ይልቁን ለቢራቢሮ ይመቻል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ መትከል ይሻላል።

ከውጭ አገር ዘር ለማምጣት የሚቸኵል ሰው ግን ይጠንቀቅ። በአውሮፓ የአትክልት ስፍራ ከሚመሰገኑት የዚህ ወገን ዐይነቶች አንዳንዶቹ ለማበብ ረጅም የበጋ ቀን ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሁሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ስለዚህ ቅጠሉ አምሮ አበባ ሳያወጣ ሊቀር ይችላል። በኢትዮጵያ ደጋ በዓለት ላይ ራሳቸው የሚበቅሉ የሴዱም ዐይነቶች ስላሉ ከእነርሱ መጀመር ይበልጣል።

ማባዛቱ ድካም የለበትም። ከአበባ ነፃ የሆነ ግንድ ስንዝር ያህል ተቈርጦ የታችኛው ቅጠል ይነሣለታል፤ ከዚያም ቍስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን በጥላ ይቀመጣል። ችኩል ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ እርጥብ ቍስል እርጥብ አፈር ሲነካ ይበሰብሳልና። ከደረቀ በኋላ አሸዋና ኮረት በተቀላቀለበት አፈር ይተከላል፤ ሥር እስኪይዝ ድረስ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ በጥቂቱ ይጠጣል። ታች የተሰነጠቀ ገንቦ ውሃ ስለማይይዝ ከደህናው ይሻላል፤ የድንጋይ አጥር ራስም ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን መትከል አይገባም፤ የክረምቱ ዝናም አልፎ በመስከረም መጨረሻ ይሁን።

ከብት በሚውልበት ስፍራ እንዳሁላ በአጥር ይከለል፤ ከወገኑ ብዙዎቹ የከብትን ልብ የሚጐዳ መርዝ አላቸው። የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰውም አበባ ባለበት ማሳ ላይ አይርጭ፤ የግድ ከሆነም ንቦቹ ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ፣ በምሽት ያድርገው፤ ጎረቤቱ ባለ ቀፎም አስቀድሞ እንዲያውቅ ይንገረው።